ጥርስ የማያስከድነው ወንድሜ

መስኮቴ ፊት ጉንጩን ይዞ ለሚቆም ሰው ትኬት አልቆርጥም። «መጀመሪያ አፍህን ክፈት» ነው የምለው። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ «ሴትዮዋን ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» የሚልም አይጠፋም። ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። «ከአገጭህ ስር ንካው እስቲ። ይጠነክራል? ምራቅህን ትውጣለህ? ምላስህን አውጣልኝ።» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፣ አብዛኛው ግን ግራ ገብቶት ምላሱን ያወጣል። «ኧረ እኔስ ተሽሎኛል እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ህመሙ ድንገት ለቀቀኝ» የሚል ሲገጥመኝ ግን ልቤ ቀጥ ይላል። ሾፌሮቹ «የጥርስ ፖሊስ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ያውጡ። እነሱም ያን ቀን እዚያው ነበሩ፣ እነሱም አይተዋል።

ድሮ እኔን ራሴን «ጥርስ ሰው ይገድላል» ቢሉኝ ከት ብዬ ነበር የምስቀው። ልብ ይገድላል፣ መኪና ይገድላል፣ ክፉ ባል ይገድላል። ጥርስ? ጥርስ ያማል፣ ያስለቅሳል፣ ይነቀላል፣ አለቀ ደቀቀ። እንዲህ ነበር የማውቀው።

የማወራችሁ ስለ ወንድሜ ነው። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና አፉን አልፈታም ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «እትዬ» ይለኛል፤ ከእሱ ሰምቶ መናኸሪያው በሙሉ «እትዬ» ይለኛል። የእሱን ስም ግን የሚጠራው የለም። በቀቀን ነው የሚሉት። አፉን ለመፍታት ዘገየ፤ ከፈታ በኋላ ግን የሰማውን ድምፅ ሁሉ መልሶ የሚያወጣ ጉድ ሆነ። የጎረቤት ሳል፣ የአስተማሪ ቁጣ፣ አልነሳም ያለ ሞተር፣ ዘይት ያጣ በር፣ ምኑ ቅጡ! ከጓዳ ሆኖ በእኔው ድምፅ «ይሄ ዕቃ አይታጠብም እንዴ?» ሲል ደንግጬ ተነስቼ ያጠብኩበት ቀን አለ።

ሥራው መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡስ መጥራት ነው። ከእኔ የትኬት መስኮት ፊት ለፊት፣ ግቢው መሃል፣ አንዲት የመስታወት ክፍል አለች፤ ውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክ፣ ጥግ ላይ የምትንቋቋ ማራገቢያ። እዚያ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና በድምፅ ማጉያ ይጠራል። አንዱን መስመር በአሮጊት ድምፅ፣ አንዱን በአኩራፊ ሙሽራ፣ አንዱን እንቅልፍ ባልጠገበ ሕፃን። መኪና ያመለጠው ተሳፋሪ እንኳ ተናዶ መጥቶ ስቆ ይመለሳል። ጥርስ የማያስከድን ልጅ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስመስለው ግን የስምሪት ኃላፊውን ነው። ጋሼ እንላቸዋለን። መኪና ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ሲፈጥራቸው ምላሳቸው ወፍራም ናት፤ ሲናገሩ ትኩስ ነገር ጎርሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። የቃሉን መጨረሻ ደግሞ ይጎትቱታል። ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው ቢሯቸው በር ላይ ይቆሙና «መኪናው ይውጣ-ኣ-ኣ!» ይላሉ። እሳቸው ገና ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በማጉያው «መኪናው ይውጣ-ኣ-ኣ!» ይላል የኔው ጉድ፣ ሾፌሮቹ ይንፈራፈራሉ።

ይሰማሉ አይሰሙም የሚለው ነገር ግቢውን ሲያከራክር ኖሯል። እኔ ግን ከመስኮቴ ሆኜ አያለሁ፤ ሳቁ በተነሳ ቁጥር የቢሯቸው መጋረጃ ፈቀቅ ትላለች። «አንተ ልጅ፣ ጋሼ ጥርስ ውስጥ ገብተሃል። አንድ ቀን ከዚያ መስታወት ጎትተው ያወጡሃል» ስለው ምን ይለኛል? «የእሳቸው ጥርስ ይሻላል እትዬ፣ የእኔ ተቦርቡሯል።»

እውነቱን ነው። ከታች በቀኝ፣ ከሁሉም ኋላ ያለው መንጋጋው ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ሌሎች ህመም ሲጠናባቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ያድራሉ፤ የእሱ ህመም መንከሻውንም ነሳው። ሂድና አስነቅለው አልኩት። ሳይቃጠል በቅጠል አልኩት። ነገ ነገ ይላል። ይሄ ሁሉ ሰው ፊት የሚቀልድ ጎረምሳ ለካ መርፌ ይፈራል! ለጥርሱ ቀጭን፣ አልቃሻ ድምፅ አወጣለትና እራት ላይ ያወራኝ ጀመር። «እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አታጠጪኝ፣ ግፍ ነው» ይላል ጥርሱ። «አንተማ ነገ ትነቀላለህ» እላለሁ እኔ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን፣ እኔና ጥርሱ፣ ከረምን።

አንድ ጠዋት ህመሙ ድንገት ቆመ። እንዴት እንደቆመ እሱም አላወቀም፤ ሲነሳ የለም። ሥራ እንደገባ ማይኩን ከፈተና በሐዘን ድምፅ፣ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ከታች በቀኝ በኩል ይኖር የነበረው ጥርሴ ባደረበት ጽኑ ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ ዛሬ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ለቤተሰቦቹ፣ ማለትም ለተቀሩት ጥርሶች፣ መጽናናትን እንመኛለን» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ በመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ «ነፍስ ይማር!» ብዬ ጮህኩለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኛ ነን።

ከዚያ ከአገጩ ስር አበጥ አለ። «ወደ ታች እየወረደ ነው እትዬ፣ እንኳን ወደ ጭንቅላቴ አልወጣ» አለኝ። እኔም እውነት መሰለኝ፤ የወረደ ነገር የሚለቅ ነው የሚመስለው። ደግሞ አላመመውም። ልጁ መልኩን ይወዳል። ሰው ሲያስቅ የሚኖር ሰው ሲሳቅበት አይችልም መሰለኝ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ ዘጋውና እቤት ውስጥ እንኳ አልከፍት አለ። ማታ ምግቡን ትቶ ውሃ ብቻ ፉት አለና ቶሎ ተኛ። ደክሞት ነው አልኩ።

በማግስቱ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ሰልፉ ረዝሞብኝ አንገቴን ደፍቼ ትኬት ስቆርጥ ማጉያው ተከፈተ። ወፍራም፣ የታፈነ፣ ትኩስ የጎረሰ ድምፅ። «ክቡራን... ተሳፋሪዎች...» ቁርጥ ጋሼ! ሾፌሮቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወጡ። «ዛሬስ ራሳቸውን ሆነ!» ይላል አንዱ። ሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው ወፈረ፤ ሳቁም አብሮት ወፈረ። አንዱ ሾፌር ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሦስተኛው ጥሪ የየት መኪና እንደሆነ እንኳ አይለይም ነበር፤ ሰው አውቆ ያደረገው መስሎት የባሰ ሳቀ። ተሳፋሪው፣ ጫኙ፣ ጠራጊዋ፣ ሁሉም። እኔ ብቻ ተናደድኩ። «ይሄ ልጅ ዛሬስ አበዛው፣ የእንጀራ ገመዱን ሊበጥስ ነው» አልኩ። መጋረጃዋ ፈቀቅ አለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ጋሼ ያለ ኮፍያ ወጡ። ያለ ኮፍያ አይተናቸው አናውቅም። ወደ መስታወቱ ክፍል ሲራመዱ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ አንድ ሁለቱ «መጣ መጣ» እያሉ ይንሾካሾካሉ። «አለቀለት!» አልኩና መስኮቴን ጠረቀምኩ። ሰልፉ ጮኸብኝ። ሮጥኩ።

ስደርስ የጃኬቱን ኮሌታ ጨምድደው ይዘውታል። ሾፌሮቹ በሩ ላይ ተደራርበው ያያሉ፤ ገሚሱ ሳቁን ገና አልጨረሰም።

«ድገመው!» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ በናትዎ፣ ልጅነት ነው፣ ይማሩት...» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ! ድገመው አልኩህ!»

ወንድሜ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። አፉ በግማሽ ተከፍቷል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በከንፈሩ ጥግ ይወርዳል፤ ጭኑ ላይ ያለው ፎጣ ርሷል። እንደምንም አንገቱን ቀና አድርጎ «ጋ...ሼ... አል...» አለ።

«ኧረ ቁርጥ እርስዎን!» አለ አንዱ ሾፌር ከኋላ።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ኮሌታው ላይ ያለው እጃቸው ላላ።

«አይደለሁም» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ይሄ እኔ አይደለሁም።» ወደ ሾፌሮቹ ዞሩ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስመስለኝ ሰምቻለሁ። ደንቆሮ መሰልኳችሁ? እኔ መጨረሻውን እጎትታለሁ። እሱም እኔን ሲሆን ይጎትታል፤ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። ይሄ አይጎትትም። ይሄ ምላሱ አልነሳ ያለው ሰው ነው!» አሉና ዚፑን ወደ ታች ሳቡት።

ወይ ጉዴ! አገጭ የለውም። አገጩና አንገቱ አንድ ሆነዋል፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ጋሼ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው አልሰመጠም። «እንጨት ነው» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔም ነካሁት። ገላ አይደለም፣ ጣውላ ነው። በእነዚህ እጆቼ እያጠብኩ ያሳደግኩት አንገት! በሩ ላይ የነበረው ሳቅ እልም አለ። ያኔ ነው ያ ድምፅ የተሰማኝ። ወንድሜ ሲተነፍስ ያፏጫል። ማይኩ እንደተከፈተ ነበርና ፉጨቱ በማጉያው በግቢው ሁሉ ይሰማል። ያ ሁሉ ሰው ዕቃውን እንደተሸከመ ቆሞ ትንፋሹን ያዳምጣል።

ከበሩ ፊት ተሳፋሪ ሞልቶ ሊወጣ የተዘጋጀ አውቶቡስ ቆሟል። ጋሼ በዕድሜያቸው አንድ መኪና ከመስመሩ አስወጥተው አያውቁም፤ ሾፌር ለአንድ ደቂቃ ሲዘገይ የሚያወርዱበት ስድብ አይጣል ነው። ዘለው ወጡና፣ «ይሄ መኪና ሆስፒታል ነው የሚሄደው-ው-ው! የማይሄድ ይውረድ!» አሉ። የወረደ ሰው የለም። እንዲያውም ከፊት ያሉት ተነስተው ቦታ ለቀቁ።

እኔ ጅል፣ የታመመ ሰው ይተኛል ብዬ የኋላውን ወንበር አስለቅቄ «ጋደም በል ወንድምዓለም» ብዬ ትከሻውን ጫን አልኩት። እጄን መንጭቆ ወረወረው። በሕይወቱ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ዓይኑ ፈጧል፤ እንደ ሰመጠ ሰው ወደ ፊት እያጎነበሰ፣ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጦ አልለቅም አለ። ምን እንደበደልኩት ሳላውቅ አለቀስኩ።

ጋሼም አብረውን ነበሩ፤ ድንገተኛ ክፍል ደረስን። አንድ ረዳት አልጋ እየገፋ መጣና «አስተኙት!» አለ። ወንድሜ በሩን ይዞ ታገለ። «ጠጥቷል እንዴ?» ብሎ ሰውዬው በሁለት እጁ ደረቱን ወደ ኋላ ሲገፋው ከኮሪደሩ ጫፍ የሴት ጩኸት መጣ፤ «ልቀቀው! ማንም እንዳያስተኛው!» ሐኪሟ ናት፤ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና የምትሠራ፣ ቁመቷ አጭር፣ ፍጥነቷ የሚያስደነግጥ ሴት። እየሮጠች መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ፊቱ ፊት ተንበረከከች። «እንደተቀመጥክ ሁን፤ ጎንበስ በል፤ አውቀህ ነው ያጎነበስከው። አፍህን ክፈትልኝ።» አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ነው የተከፈተው። በዚያች ቀዳዳ ምላሱን አየሁት፤ ወደ ላይ ተገፍቶ ላንቃው ላይ ተለጥፏል።

«ጥርስ ያመው ነበር?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ያመው ነበር፣ ግን ተሽሎታል ዶክተር። ህመሙ ካቆመ ሰነበተ።»

«አልተሻለውም። ጥርሱ ነው የሞተው።»

ክቡራን ተሳፋሪዎች... ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

እየሠራች ነው የነገረችኝ፤ አንዷ ነርስ ኦክስጅን ስታደርግለት፣ ሌላዋ ክንዱ ላይ መርፌ ተክላ በደም ሥሩ መድኃኒት ስትለቅ። ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲሞት ህመሙ ይጠፋል፣ ጀርሙ ግን አይሞትም። በሥሩ በኩል አጥንቱን በስቶ ይወጣል። የኋለኛው መንጋጋ ሥር ረጅም ስለሆነ የሚወጣው ከምላስ በታች፣ ወደ አንገት ነው። «አሁን ግራና ቀኙን ይዞታል» አለች። «ምላሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ የአየሩን መንገድ እየዘጋበት ነው። ቢተኛ ኖሮ ምላሱ ይደፍነው ነበር። በዚያው ነበር የሚቀረው።»

በዚያው! «ጋደም በል ወንድምዓለም» ብዬ በእጄ ስጫነው! 

«አሁን የምንሠራው ይሄ ነው» አለችው ለእሱ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «መጀመሪያ ትንፋሽህ። በአፍህ ቱቦ ማስገባት አልችልም፣ መንገድ የለም። ሳላስተኛህ፣ አንገትህን በመርፌ አደንዝዤ፣ ከእብጠቱ በታች ትንሽ ቀዳዳ እከፍታለሁ፤ በዚያ ትተነፍሳለህ። ከዚያ አደንዝዤህ አገጭህ ስር ከፍቼ የተጠራቀመውን አወጣለሁ፣ ጥርሱንም እነቅለዋለሁ። ካልተከፈተ መድኃኒት ብቻውን አይደርስለትም። ወደ ደረትህ ከወረደ ደግሞ ከእጄ ይወጣል።»

ወንድሜ በጣቱ ጉሮሮውን ነካ፤ ከዚያ ከንፈሩን። ገባት።

«ቱቦው እስካለ ድምፅ አይኖርህም። ሲወጣ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ግን አልምልልህም።»

ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም ማለቱ ነው። ደግሞ ነቀነቀ። እኔ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ «አንተ ልጅ፣ እኔን ቅበረኝና እንደፈለግክ ሁን!» አልኩት። አልሰማኝም። ከንፈሩ እየጠቆረ፣ አሁንም ራሱን ይነቀንቃል። አፉን ሊፈታ ስንት ጊዜ የፈጀ ልጅ፣ ከፈታ በኋላ ያለ ድምፅ ኖሮ የማያውቅ፤ መርፌውን ሳይሆን ዝምታውን ነው የፈራው። ሐኪሟ «ጊዜ የለንም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ።

ጋሼ እኔን ገፋ አድርገው ፊቱ ቆሙ።

«ስማኝ አንተ ቂል! እኔ በዚህ ድምፅ ሚስት አግብቻለሁ። በዚህ ድምፅ ልጅ ድሬያለሁ፣ ስንቱን ጉልቤ ሾፌር አንቀጥቅጬ ገዝቻለሁ። ያለ ድምፅ ይኖራል። ያለ ትንፋሽ ነው የማይኖረው!» ኮሌታውን ቀስ ብለው አስተካከሉለት። «ደግሞስ አንተ ከሞትክ እኔን ማን ያስመስለኛል-ል-ል?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው። እንባው ከምራቁ ጋር ወረደ። ከዚያ ጨብጦት የነበረውን የአልጋ ብረት ለቀቀና አንገቱን ለሐኪሟ ሰጣት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ከብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል። ጋሼና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥርስ! በጥርስ! እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። የቀለደውን፣ የሳቅነውን፣ ነፍስ ይማር ያልኩትን ሁሉ አስባለሁ። መቼም ዝም ማለት አልችልም፤ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲሳለቅብዎት እያወቁ ለምን ዝም አሉት?» አልኳቸው።

«ልጅ ሆኜ ስናገር ድንጋይ ይወረውሩብኝ ነበር» አሉ። «ትልቅ ስሆን እኔ ስናገር ሰው መሬት መሬት ያያል፤ ሳቁን ለመያዝ። ያ ልጅ እኔን ሲሆን ግን ሰው ቆሞ ያዳምጣል፤ ቃል በቃል። መጋረጃዋን የምገልጣት በደንብ እንዲሰማኝ ነው።»

ነጠላዬን አውልቄ ያን ቀዝቃዛ ብረት ላይ አነጠፍኩላቸው።

ሐኪሟ ስትወጣ ጋውኗ ላይ ያለውን አይቼ ዓይኔን ዞር አደረግኩ፤ ሽታው ግን በሩን አልፎ መጣ። «እየተነፈሰ ነው» አለች። «ብዙ መግል ወጣ። ገና አላለፈለትም፤ እናየዋለን።» በፋሻ ጠቅልላ የያዘችውን ነገር ገለጠች። ጥርሱ ናት። ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ጥቁር ጉድጓድ አላት። እራት ላይ ስንጨቃጨቅ የከረምነው ከዚህች ጋር ነው! ልረግጣት ፈለግኩ፤ ደግሞ ፈራኋት። የገዛ ወንድሜን የምታህል ነገር መሰለችኝ።

ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ሁለተኛ ከፈቱት። አገጩ ስር የጎማ ቱቦዎች ተንጠልጥለው፣ ጉሮሮው ላይ ቧንቧ ተተክሎ፣ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ኡኡ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ እብጠቱ ቀስ እያለ ላላ፤ እንጨቱ ገላ ሆነ፣ አገጩ ከተሰወረበት መጣ። ዝምታው ግን ገደለኝ። ቤት ገብቼ ጓዳ ቆሜ «ይሄ ዕቃ አይታጠብም እንዴ?» የሚለኝ እንዲመጣ እጠብቃለሁ። መናኸሪያውም ዝም አለ። ማይኩ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥም መኪናውን ጠርቶ ይዘጋል፤ ተሳፋሪው ተናዶ መጥቶ ተናዶ ይሄዳል።

ጋሼ ከሥራ ሲወጡ ሳያዩት አይሄዱም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ማን እንዳረፈደ፣ ማን ጎማ እንደፈነዳበት ይነግሩታል። እሱ በዓይኑ ይስቃል። በፊቱ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ነርሷን ሲያስመስል አይቼው ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ቱቦውን የሚሞክሩበት ቀን ሐኪሟ መጣች። እኔ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላው። «ቀዳዳውን በጣቴ እደፍነዋለሁ። አየሩ ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ነገር በል። ምንም ይሁን» አለችው። ደፈነችው። ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ፉጨት ብቻ ወጣ። ያች በማጉያው የሰማናት ፉጨት መሰለችኝ። አንዴ ሳለ። ዓይኑን ጋሼ ላይ አድርጎ የታችኛውን ከንፈሩን ጣል አደረገ።

«መ...ኪናው... ይውጣ።»

ቀጭን ነው፣ የተሰነጠቀ ነው። ግን ድምፅ ነው! ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሼ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

«አይደለሁም» አሉ።

የወንድሜ ፊት ጠወለገ። የእኔም ጨሰ፤ ኧረ ይሄ ሽማግሌ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?

«እኔ መጨረሻውን እጎትታለሁ» አሉ ጋሼ። «ድገመው።»

ወንድሜ አየር ሳበ። ደረቱ ከፍ አለ። «መኪናው... ይውጣ-ኣ-ኣ!»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ-ኝ-ኝ!» ብለው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። እኔ ያን ሁሉ ቀን አፍኜ የያዝኩትን ጩኸት ለቀቅኩት። የተኙት በሽተኞች ተነሱ። ነርሷ ደንግጣ እየሮጠች ገባችና «ምንድነው? ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልሞተም።»